ለመስቀል ክብራስ ማን ሠራላት?

 

“እኛ” ስንል እንደምታውቁት ብቻችንን ነን። ያው የአምደኛ ወግ ሆኖብን ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር “እኔ፣ እኔ” እያሉ መጻፍ ራስን መቆለል ነው የሚል መምህር ገጥሞን ነበር፤ ዲግሪውን ይዘን ከወጣን በኋላም አመሉ አልለቀቀንም። ይህን ወጋችንን ጨርሳ ያልተቀበለችው አያታችን ነበረች። አንድ ዓመት ላሊበላ ሄደን የጻፍነውን ስናነብላት፣ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ “ይኼ ‘እኛ’ የምትይው እነማን ናችሁ? ስንት ሆናችሁ ነው?” አለችን።

“ብቻችንን ነን” አልናት።

“ታዲያ ስምሽን አትናገሪም? ሰርቀሽ ነው?”

ያኔ ስቀን አለፍነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን የስም ነገር ስለሆነ፣ ስንጀምር እሷው ትዝ አለችን።

አያታችን ላሊበላ ውስጥ ጠላ ሻጭ ነበረች። ኋላ ቆብ ጭና እማሆይ ተባለች እንጂ፣ እኛን ጨምሮ ስንቱን ያሳደገችው በጠላ ነው። ቤቷ የነበረው በሁለቱ የአብያተ ክርስቲያናት ምድቦች መካከል፣ ዮርዳኖስ ከሚባለው ቦይ ብዙም ሳይርቅ ነው። ላሊበላን ያያችሁ ቤቶቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ቀላ ባለ ድንጋይ የተካቡ፣ ክብ፣ ደርብ ያላቸው። ከታች ፍየልና ጋን፣ ከላይ ሰው። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣው ተሳላሚ ሲደርስ እግሩን የምታጥበው፣ ቆሎና ጠላ የምታቀርበው፣ ቦታ ከተገኘም ምድር ቤቱን ጠራርጋ የምታስተኛው እሷ ነበረች። እሷ ብቻም አይደለችም፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ እንዲያው ነበረች። የላሊበላ ሰው የተሳላሚን እግር ማጠብ እንደ በረከት ያየዋል፤ ይህን ብዙ ሰው ጽፎታል፣ ፎቶም አንሥቶታል። ውኃው ከየት መጣ ብሎ የጻፈ ግን እኛ አላጋጠመንም። ከምንጭ በእንስራ፣ ኋላም በጀሪካን፣ በሴት ጀርባ ነው የመጣው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት (በእኛው አቆጣጠር ማለታችን ነው) መንደሩ ተነሣ። ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም። አብያተ ክርስቲያናቱ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች ውስጥ ናቸው። ዙሪያውን የከበባቸው ቤት፣ ጭሱና ፍሳሹ፣ ለዐለቱ የሚመች ነገር አይደለም። ሰዉ ካሳውን ተቀብሎ ከተማው ዳር ወደ ተሰጠው ቦታ ሄደ። ጥቂት ክብ ቤቶች ለመታያ ቀሩ፤ ሌላው ፈረሰ።

የአያታችን ቅሬታ የብር አልነበረም። “ለክርስቶስ ቤት ብለው ቤቴን ቢወስዱ እሺ” ትል ነበር፤ “ግን እዚያ ዳር ወጥቼ ጠላዬን ማን ይጠጣልኛል?” ማንም አልጠጣላትም። ተሳላሚው የሚያልፍበት መንገድና የእሷ አዲስ ቤት አልተገናኙም። ዓመት ሳይሞላ ጋኖቿን ደፋቻቸው።

ባለፈው ወደ ላሊበላ ስንሄድ (መንገዱ እስኪከፈት ብዙ ጠብቀን ነው) የቤታችንን ቦታ ፈልገን ወረድን። ያወቅነው በወይራው ነው። ሥሩ ላይ አያታችን ጌሾ ታሰጣ የነበረበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አሁንም አለ። ሌላው ሣር ነው። ቆንጆ ሣር፣ እውነቱን እንናገር። ንፋስ አለው፣ ጥላ አለው፣ ቁልቁል ሲያዩት ዓይን ያሳርፋል። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ካፌ ከፍተውበት ሙሽሮች ፎቶ በተነሡበት ነበር። አንድ አስጎብኚ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ይዞ መጣና በእንግሊዝኛ፣ “እዚህ ድሮ መንደር ነበር” አላቸው። አንዷ ፎቶ አነሣች። አለፉ።

“መንደር ነበር።” በቃ፤ ይኼው ነው። ጋን የጣደችው፣ የወለደችው፣ ያለቀሰችው፣ ሰርግ የደገሰችው ሁሉ በሁለት ቃል ተጠቃለለች። እዚያው ወይራው ሥር ቁጭ ብለን አንድ ሐሳብ መጣልን፤ እነሆ ይህን ጽሑፍም ወለደ። ይህ ቦታ መናፈሻ ሆኗል፤ ማንም መናፈሻ ብሎ አልሰየመውም እንጂ። ለምን የላሊበላ ሴቶች መታሰቢያ አይሆንም?

አዲስ አበባ ተመልሰን ለጓደኞቻችን ብንነግራቸው አንዱ ሳቀ። “ለየትኛዋ ሴት?” አለን።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ላሊበላ ላይ የሴት መታሰቢያ ሲባል አፋችን ላይ ቀድማ የምትመጣው መስቀል ክብራ ናት፤ የንጉሥ ላሊበላ ሚስት፣ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ የምታከብራት። እንደ ትውፊቱ ቤተ አባ ሊባኖስን ያሠራችው እሷ ናት። ባሏ ካረፈ በኋላ፣ መታሰቢያ እንዲሆነው፣ መላእክት እየረዷት፣ በአንድ ሌሊት። ቤተ አባ ሊባኖስን ያላያችሁ እንደሆነ፣ ጎኖቹ ከዐለቱ ተላቀው ጣሪያው ግን ከተራራው ሳይለይ የቀረ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩት ተራራውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ የቆመ ይመስላል። እኛ ከ11ዱም አስበልጠን እንወደዋለን። (ቤተ ጊዮርጊስን የምትወዱ አትቀየሙን፤ ለእሱ ወዳጅ ሞልቶታል።)

እንግዲህ ልብ በሉ። ከ11ዱ ውስጥ ሴት አሠራችው የሚባለው ሕንፃ የወንድ መታሰቢያ ነው። ከተማዋም ሮሃ መባሏ ቀርቶ በእሱ ስም ተጠራች። መቃብሩ ይገኝበታል የሚባለው ቤተ ጎልጎታ ደግሞ ሴት የማትገባበት ነው፤ ከውጭ ቆመን እንሳለማለን። ይህን ለክስ አላነሣነውም። ሥርዓት ነው፤ አያታችንም ዕድሜዋን ሙሉ ከውጭ ስማ ስትመለስ ቅር ብሏት አታውቅም። ነገር ግን መስቀል ክብራ ለባሏ ሠራች፤ ለመስቀል ክብራስ ማን ሠራላት? ይህን ስንጠይቅ “እንዴ፣ ቅድስት ናት እኮ፣ ምን ሐውልት ያስፈልጋታል?” የሚሉን አሉ። ንጉሡም ቅዱስ ናቸው እኮ!

ደግሞ እሷ የባሏ ጥላ ብቻ አልነበረችም። ስለ እሷ ከሚነገረው ውስጥ እኛ የምንወደው የላሟን ታሪክ ነው። መስቀል ክብራ ባሏን አግባብታ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለናኩቶ ለአብ እንዲለቅ ታደርጋለች። ከ18 ወር በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ሰዎች ለግብር የአንድ ድሃ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ነድተው ይወስዳሉ። ይህን ስትሰማ ተመልሳ ባሏን፣ “ተሳስቻለሁ፤ ዙፋንህን ያዝ” አለችው ይባላል። አፈ ታሪክ ነው፤ እንደ አፈ ታሪክ ውሰዱት። ግን ስንት መሪ ነው ስለ አንዲት ላም ብሎ “ተሳስቻለሁ” ያለ?

ለሴት የሚሆን መታሰቢያ ላሊበላ ላይ ፈጽሞ የለም ብንል ደግሞ እንዋሻለን። ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ፣ በደቡብ በኩል፣ ቤተ ደናግል አለች። በጣም ትንሽ ናት፤ ብዙ ጎብኚ በሩን አይቶ ያልፋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮማዊው ንጉሥ በዑልያኖስ ዘመን በሰማዕትነት ላለፉ ደናግል መታሰቢያ የተፈለፈለች ናት። አስቡት፤ የላስታ ሰው ላያቸው ቀርቶ አገራቸውን እንኳ ለማያውቃቸው ሴቶች ዐለት ፈልፍሎ መታሰቢያ ሠርቷል። እዚያው ግቢ ውስጥ ልጅ ያጡ ሴቶች በገና የሚጠመቁበት ገንዳ አለ። አረንጓዴ ውኃ ነው፣ ጥልቅ ነው፤ ሴቶቹን በገመድ አስረው ነው የሚያወርዷቸው። የገና ዕለት ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ካሜራው ሁሉ ወደ ላይ ነው። እኛ ልጅ ሆነን የምናየው ታች ገንዳው ጋ ያሉትን ሴቶች ነበር። ስንቷ ወለደች፣ ስንቷ አልወለደችም፣ ስንቷስ በየዓመቱ ተመለሰች?

ከከተማዋ ወጣ ብንል ሰልፉ ይረዝማል። የዛጉዌ መንግሥት አመጣጥ ሲተረክ የአክሱሙ ንጉሥ የድል ነዓድ ልጅ መሶበ ወርቅ የላስታውን መራ ተክለ ሃይማኖትን አገባች ይባላል፤ እንግዲህ ትረካው የሚጀምረው በእሷ ነው። ወደ ወሎ መሀል ስንወርድ ወርቂት አለች። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ፣ የገዛ ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ እያለ፣ አሳልፋ ወደ ሸዋ ሸኘቻቸው። ልጇ በዚያው ሳቢያ ተገደለ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ አዲስ አበባም እስከ ዛሬ በፈረስ ላይ እንደ ተቀመጡ አሉ። የወርቂትን ስም ግን የታሪክ ተማሪ ካልሆነ በቀር ጥራ ቢሉት የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ወሎ ለሴት ስም ንፉግ ነው ማለታችን አይደለም። ደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አላት፤ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም። “ወይዘሮ ስኂን ነው የተማርኩት” የሚል ሰው አገሩን ሁሉ ሞልቶታል፤ ሴትዮዋ ማን እንደ ነበሩ ብትጠይቁት ግን ግማሹ ጭንቅላቱን ያካል። አዲስ አበባም ዘውዲቱ ሆስፒታል አላት፣ ጣይቱ ሆቴል አላት። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ስም ደርግ መጥቶ የካቲት 12 ብሎ ቀየረው፤ ስምም ይነሣል ማለት ነው፣ እንደ መንደር። እዚያው ላሊበላ ሰባት ወይራ ሆቴልን ያሠሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዕልት ሩት ደስታ ናቸው፤ የተሰየመው ግን በዛፎቹ ነው። ጥሩ ስም ነው፤ አንከራከርም።

ብቻ ዝርዝሩን ስታዩት አንድ ነገር አይከነክናችሁም? የንጉሥ ሚስት፣ የንጉሥ ልጅ፣ የንጉሥ እናት። ለስም የበቃችው ሁሉ ቤተ መንግሥት ያለፈች ናት። እኛ ወይራው ሥር ተቀምጠን ያሰብናት ደግሞ ጌሾ ያሰጣችዋን ነው። መናፈሻው ለመስቀል ክብራ ቢሰየም ደስ ይለናል፤ ግን እሷ ብቻ ብትገባበት ያው የንግሥት ነገር ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብን፤ ስለ እሱ ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል።

በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ፣ መሀል ላይ ተለቃ እንደገና ተይዛ፣ ከተማዋ ከእጅ እጅ ስትዘዋወር ቆየች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። እኛ አዲስ አበባ ነበርን። አንድ ቁጥር ላይ በቀን 20 ጊዜ እየደወልን “የደወሉላቸው ደንበኛ” የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ እስክንጠላ ሰማናት። ነሐሴ 16 አሸንድዬ ሲደርስ ከላስታ የመጣን ልጆች አንድ ቤት ተሰባሰብን፤ ግን ማንም ወገቧ ላይ ሣር አላሰረችም። አሸንድዬን ለማታውቁት፤ ከፍልሰታ ጾም ማግሥት ልጃገረዶች ለምለሙን አሸንድዬ ወገባቸው ላይ አስረው እየጨፈሩ በየቤቱ የሚዞሩበት በዓል ነው። በዓመት ውስጥ መንገዱ የእኛ የሚሆንበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። ያን ዓመት መንገዱ የሌላ ሆነ።

ኋላ ስልክ ሲገናኝ የሰማነው ስለ ጥይት ብቻ አይደለም፤ ስለ ወፍጮም ነው። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱ ቆመ። እህል ያለውም ዱቄት አጣ። ያኔ ሰው የድንጋይ ወፍጮ ፍለጋ ወጣ። ብዙ ቤት ወፍጮውን የአጥር ድንጋይ፣ የደጃፍ መቀመጫ አድርጎት ነበር፤ መጁም የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። አያታችን ግን ከመንደሯ ስትነሣ ሁለት ነገር አልተውም ብላ ነበር፤ የማርያምን ሥዕልና መጇን። ተሸካሚው “እማሆይ፣ ይኼ ድንጋይ ምን ያደርግልሻል?” ብሎ ስቆባታል። እንግዲህ ያ ድንጋይ በዚያ ክረምት ለስንት ቤት ፈጨ! ከ80 ዓመት ያለፋት ሴትዮ መፍጨት ባይሆንላትም፣ አጠገባቸው ተቀምጣ እንደኛ ያሉትን ልጆች “ወገብሽን አታጉብጪ፣ በትከሻሽ ግፊው” እያለች ታስተምር ነበር። የጎረቤት ልጅ ናት ይህን የነገረችን፤ መዳፏን አሳየችን፣ ጠባሳው አለ። ኮምፒውተር ሳይንስ የጨረሰች ልጅ ናት።

አያታችን በ2015 ዐረፈች። ወረፋ ይዘው ያስፈጩባት የነበሩ ሴቶች ሁሉ ቀብሯ ላይ ነበሩ አሉን። እኛ አልደረስንም።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ፕሪቶሪያ ከተማ፣ የመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ባለበት ግቢ አንድ መታሰቢያ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ 20,000 የሚሆኑ ሴቶች የአፓርታይድን የይለፍ ወረቀት ሕግ ተቃውመው ወደዚያ ግቢ ሰልፍ ወጥተው ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. መታሰቢያ ሲሠራላቸው የተቀመጠላቸው የነሐስ ሴትዮ አይደለችም። የወፍጮ ድንጋይ ነው። ይህን ያነበብነው ተማሪ ሳለን ነው፤ ያኔ “ለምን ድንጋይ?” ብለን ነበር። አሁን አንልም።

ለንደን ላይ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመረቀ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሴቶች መታሰቢያ አለ። ፊት የለውም፣ ስም የለውም። ዙሪያውን 17 የሥራ ልብስ በየመስቀያው ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሴቶቹ ጦርነቱ ሲያልቅ አውልቀው ሰቅለው ወደ ቤታቸው የገቡ ይመስላል። ፎቶውን ስናይ ያምራል፤ ግን ለእኛ አይሆንም። ልብሱ ከነጠላው ጀምሮ በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎልናል፤ የጎደለን የለባሿ ስም ነው።

ስለዚህ ስም ልንሰበስብ ወጣን። ጋዜጠኛ አይደለን? ደብተር ገዛንና በዚያ መንደር የኖሩ እናቶችን እየዞርን፣ “እዚያ ማን ማን ነበሩ?” ብለን ጠየቅን። የወንዶቹ ስም ከነማዕረጉ ይወርዳል። መሪጌታ እገሌ፣ ቄስ እገሌ፣ ግራዝማች እገሌ። የሴቶቹ ተራ ሲደርስ “የመሪጌታ ሚስት”፣ “የእገሌ እናት”፣ “ያቺ ቀይዋ”፣ “ያቺ ጠላዋ የማይጎፈንነው”። አብረው ውኃ የቀዱ፣ አብረው ያማጡ ሴቶች ናቸው እንዲህ የሚጠራሩት! አንዲት እናት ለ30 ዓመት ቡና ስለ ተጣጣቻት ጎረቤቷ ስም ብዙ አስባ አስባ፣ “ኧረ እኔ ‘እትዬ’ ነበር የምላት” አለችን። አለቀሰችም።

አንድ ካህን አማከርን፤ እኚህም በዚያው መንደር የኖሩ ናቸው። “ስማቸውማ እኛ ዘንድ አለ፤ በክርስትና ስማቸው በጸሎት እናስባቸዋለን” አሉን። ልክ ናቸው። ግን ወለተ ማርያም ስንት ናት? “አባታችን፣ እሱ ለእግዚአብሔር ይበቃል፤ ለአላፊ አግዳሚው ግን አይለይም” ብንላቸው፣ ወደ ቤተ ማርያም ዞረው ከላይ የተጋረደውን ትልቁን ከለላ አሳዩን፤ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራውን። “ድንጋይ ይቆያል ብለሽ ነው? ይኼው ድንጋዩም ጥላ ተዘርግቶለታል” አሉ። መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም።

ሌላም መልስ ያላገኘንለት ነገር አለ። በ2016 ጥቅምት ላሊበላ ውስጥ እንደገና ውጊያ ነበር። የቱሪስት እጅ የሚያይ ከተማ ቱሪስት ሲያጣ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። “ሰው ሰላምና እንጀራ ሲል እናንተ መናፈሻ ትላላችሁ” ያለን ጓደኛችን አልተሳሳተም። ብቻ ያ እንጀራ በክፉ ቀን እንዴት እንደ ተገኘ የሚያውቁት ሴቶች እያረፉ ነው፤ ሰላሙ እስኪመጣ ደብተራችን ባዶ እንዳይቀር ፈራን። መናፈሻው ይዘገይ። ስሙ አይዘግይ።

የምንመኘውን ካላችሁን፣ ብዙም አይደለም። አጥርና የመግቢያ ትኬት አንፈልግም። እንስራ ያዘለች የሲሚንቶ ሴትዮም አትቁምብን፤ በየአደባባዩ አይተናታል፣ ሁሌም ፊቷ አንድ ነው። ከዚያው ቀይ ድንጋይ ዝቅ ያለ ግንብ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ በላዩ ስሞች። መሀል ላይ አንድ ወፍጮ ከነመጁ። ከመስቀል ክብራ ቢጀመር ቅር አይለንም፤ ከእሷ ቀጥሎ ግን ማዕረግ የለም፣ ሁሉም በፊደል ተራ።

የመጨረሻዋ የጠየቅናት እናት በመንደሩ የአያታችን ጎረቤት የነበረች ናት። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘናት። እርስዎ እያልን ብንጀምር፣ “አንቺ ልጅ፣ ሽንት ጨርቅሽን የቀየርኩ ነኝ፣ አንቱታሽን ለሹም አድርጊው” አለችን። እሷ ግን አልረሳችም። እየቆጠረች ቤት በቤት ሄደች፤ ከወይራው ጀምራ፣ በቦዩ በኩል ዞራ፣ ተመልሳ ወይራው ጋ። ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣችበት አገር። እኛ እንጽፋለን። 36 ሆነ።

“ጋዜጣ ላይ ልታወጪው ነው?” አለችን።

“እንደዚያ ነገር” አልን።

“ወረቀት ላይ አይሆንም። ወረቀት ስኳር ይጠቀለልበታል። ድንጋይ ላይ ከሆነ እሺ።”

ቃል ገባንላት። ለዚህ ነው እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአንዷንም ስም ያላያችሁት። ልንነሣ ስንል እጃችንን ያዘችና፣ “የራስሽን አያትስ ጻፍሽ?” አለችን።

“እማሆይን? አዎ” አልናት።

“እማሆይ ስም ነው እንዴ? በቆቧ ነው የጠራሻት። ልጅ ሆና፣ ሳታገባ፣ አሸንድዬ ስንጫወት ማን እንደ ነበረች ታውቂያለሽ?”

አናውቅም ነበር። ወደ ጆሯችን ጠጋ ብላ ነገረችን፤ ራሷም ሳቀች፣ እንደ ልጅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። 37ኛው መስመር ላይ ጻፍነው።

ቸር እንሰንብት።